የተረጎምኩትን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን

ህንድ፣ ቼናይ ከተማ ውስጥ ከአገር ቤት ለሕክምና ለሚመጡ ሰዎች ማስተርጎም ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ስሙ ማስተርጎም ይባል እንጂ ከኤርፖርት መቀበሉም፣ ቤት መከራየቱም፣ የምርመራ ወረቀት ተሸክሞ ከፎቅ ፎቅ መሯሯጡም ያው የአስተርጓሚው ሥራ ነው። በዚያ ግንቦት አብሬያቸው የነበሩት ታማሚ ስኳር ከያዛቸው 19 ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸውን በሌዘር ሊታከሙ የመጡ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ለማስታመም አብረዋቸው መጥተዋል።

ጋሼ ከአውሮፕላን ከወረዱ ጀምሮ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ካንቺፑራም ከዚህ ሩቅ ነው?» ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ ሒሳብ ያስተማሯቸው ህንዳዊ የዚያ ከተማ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን አገራችን ውስጥ ብዙ የህንድ መምህራን ነበሩ፤ የጋሼ ዕድሜ ሰዎች ዛሬም በፍቅር ያነሷቸዋል። እኚህኛው የከፍታ አንግል ሲያስተምሩ የከተማቸውን መቅደስ ግንብ ሰሌዳ ላይ ይስሉ ነበር አሉ። ተማሪው ግንቡን አንድ ቀን በዓይኑ ለማየት ለራሱ ቃል ገባ። ዓይናቸው ታክሞ ሐኪሙ «ለአንድ ቀን ወጣ ብለው ቢመለሱ ችግር የለውም» ሲል መኪና ተከራየን።

ካንቺፑራም ከቼናይ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሾፌራችን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንድንነሳ አስጠንቅቆ ነበር። ከግንቦት መግቢያ ጀምሮ እዚያ «ካትሪ» የሚሉት የሙቀቱ ጣሪያ ነውና ረፋዱ ሳይደርስ መመለስ ያሻል። እኔ ግን ኢንሱሊኑ፣ ቁርሱ፣ የዓይን ጠብታው ስል 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። በመንገዳችን የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራጂቭ ጋንዲ በ1991 እ.ኤ.አ. የተገደሉባትን ስሪፔሩምቡዱርን ስናልፍ ጋሼ ዝም ብለው አንገታቸውን ደፉ።

መጀመሪያ የኤካምባሬስዋራር መቅደስን ግንብ አየን። በ1509 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ወደ 59 ሜትር የሚጠጋ ነው። ጋሼ መኪናው ጥግ ቆመው፣ ክንዳቸውን ወደ ጫፉ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ምን እያሰሉ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ወደ ካይላሳናታር መቅደስ ሄድን። የጥንቱ የደቡብ ህንድ ሥርወ መንግሥት የፓላቫ ንጉሥ ናራሲምሃቫርማን ሁለተኛ በ700 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለሂንዱው አምላክ ለሺቫ ያሠራው ነው። ውጪ ሜዳው ላይ የድንጋይ በሬ ተኝቶ ፊቱን ወደ መቅደሱ አዙሯል። የግቢውን ግድግዳ ተከትለው 58 ትንንሽ መቅደሶች ተደርድረዋል፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ የጥንቱ ሥዕል ቀለም ዛሬም ይታያል። ምሰሶዎቹን በኋላ እግራቸው የቆሙ አንበሶች ይሸከሟቸዋል። 1,300 ዓመት ሙሉ ዝናብና ፀሐይ የበላውን የአሸዋ ድንጋይ በቅርብ ሲያዩት የጠራቢው እጅ ገና አሁን የተነሳ ይመስላል።

በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። እትዬ «እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ነው» ብለው ቀድመው አወለቁ። ጋሼ እኔን አዩኝ፤ እኔም «አዎ ጋሼ፣ ያውልቁ» አልኳቸው። ጎንበስ ብዬ ማሰሪያቸውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ካልሲያቸውን ጫማቸው ውስጥ ከተቱት።

እኛ ጫማ የምናወልቀው በራፉ ላይ ነው፤ ውስጡ ምንጣፍ ነው። እዚያ ግን ከውጪው በር ላይ ወልቆ ግቢው ሁሉ በባዶ እግር ይዞራል፤ ንጣፉም ፀሐይ ሲጠጣ ያረፈደ ድንጋይ ነው። ሰዓቱ አምስት ተኩል አልፏል። እትዬ ሁለት እርምጃ ሄደው «ኧረ እሳት ነው!» ብለው ወደ ጥላው ሮጡ። እኔም በጣቶቼ እየዘለልኩ ተከተልኳቸው። ጋሼ ግን ቀስ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከአንዱ መቅደስ ወደ አንዱ እየተሻገሩ ሥዕሉን ያያሉ። «ጋሼ፣ እንዴት ቻሉት?» ስላቸው «ገጠር ያደገ እግር እኮ ነው» አሉ። አደነቅናቸው። ፎቶም አነሳኋቸው። በሩ ለቀትር እስኪዘጋ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ዞሩ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ደወሉ። «ካልሲው አልወልቅ አለ» አሉኝ። ስደርስ ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ካልሲው ከውስጥ ርሶ ከቆዳቸው ጋር ተጣብቋል። በንጹሕ ውሃ እያረጠብን ስናላቅቀው የሁለቱም እግራቸው መርገጫ ውሃ ቋጥሯል፤ በቀኙ በኩል ፈንድቶ ቆዳው ተገልብጧል። «ያምዎታል?» አልኳቸው። «ኧረ ምንም» አሉ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ እግር ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ዓይናቸውን አስጨፍና፣ በ10 ግራም ግፊት በሚታጠፍ የናይለን ክር የውስጥ እግራቸውን ስትነካካ አብሬ ነበርኩ። ሲሰማቸው «አዎ» እንዲሉ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። በቀኝ እግራቸው ከ10 ቦታ 3 ጊዜ ብቻ «አዎ» አሉ። ሐኪሙ ጥርት አድርጎ ተናገረ፤ እግሩ አደጋ ሲያገኘው አያውቅም፣ ቤት ውስጥ እንኳ በባዶ እግር መሄድ ክልክል ነው። በኔ አፍ ሲወጣ እንዲህ ሆነ፦ «ነርቭዎ ትንሽ ደከም ብሏል፤ በባዶ እግር ባይሄዱ ይመረጣል ይላሉ።» «ትንሽ» የኔ ናት። «ይመረጣል» የኔ ናት። ጋሼ «እኔ እግሬን አሞኝ አያውቅም» ሲሉ ለሐኪሙ ነገርኩት። «የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አለ። ያቺን ጭራሽ አላስተረጎምኳትም። የሚቀጥለው ታማሚ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ጋሼንም ማስደንገጥ አልፈለግኩም።

በማግስቱ ቁስሉ ተጠርጎ ታሸገ፣ አንቲባዮቲክ ተጀመረ፣ እግራቸው መሬት እንዳይረግጥ ጋሪ ወንበር ታዘዘ። የሳምንቱ ትኬት ተሰረዘ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ያን ቀን ለእሳቸው ያልከውን ቃል በቃል መልሰህ ለኔ ንገረኝ» ብቻ አለ። ነገርኩት። እነዚያን ሁለት ቃላት ስደርስባቸው ድምፄ ወረደ።

ለጋሼም ደብቄ መኖር አልቻልኩም። ክፍላቸው ገብቼ እግራቸው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጋሼ ቆየት ብለው «እንዳልደነግጥ ብለህ ነው፣ ይገባኛል» አሉ። «ግን ልጄ፣ የተሰጠውን ቁጥር ቀንሰህ ከጻፍክልኝ ትክክለኛውን መልስ ከየት አመጣዋለሁ?»

ከዚያ ወዲህ ሐኪም «ክልክል ነው» ካለ «ክልክል ነው» እላለሁ። ታማሚው የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግረኝ ሳላደርግ ከክፍሉ አልወጣም። ለሽርሽር ስንወጣም የክሊኒኩን ወረቀት ጠዋት ደግሜ አነባለሁ። መቅደስ ማየት የሚፈልግ የስኳር ታማሚ ካለ ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስትበርድ፣ ያውም ሐኪሙን አስፈቅዶ ነው፤ እግሩ ስሜት ካጣ ደግሞ ከውጪ ሆኖ ያያል። የኤካምባሬስዋራር ግንብ እንደሆነ ከመኪናው ጥግም ይታያል።

የጋሼ ቁስል የደረቀው በ26ኛው ቀን ነው። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ሻይ ይዤላቸው ስገባ፣ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡ ሌላ የስኳር ታማሚ በባዶ እግራቸው ወደ ማድ ቤቱ ያልፋሉ። ጋሼ ከጋሪ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው፣ አርባ ተማሪ ፊት የቆሙ ያህል ጮክ አሉ፤ «ወንድሜ፣ ጫማ!»