በአዳማ ከዜሮ በታች 40

እሑድ፣ ሚያዝያ

ሳምንቱን ሙሉ የመኪናዬ ዳሽቦርድ የውጪው ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ መሆኑን ሲነግረኝ ሰንብቷል፤ እኔ ደግሞ መሪውን ይዤ ላቤን ስጠርግ ሰነበትሁ። ስክሪኑ የተበላሸ መስሎኝ መለኪያውን ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት ብለውጠውም ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙት እዚያችው ከዜሮ በታች 40 ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ችላ እለው ነበር፤ ኤሲው ግን ጨርሶ ማቀዝቀዝ አቆመ። አንድ ጋራዥ «ጋዙ አልቋል» ብሎ አስሞላኝ፣ ገንዘቡንም ከፈልሁ፣ ለውጥ ግን አልመጣም። የጥገና መጽሐፉን ስገልጥ ነው ነገሩ የገባኝ፦ በከባድ ብርድ ዘይቱ በወጉ ስለማይዘዋወርና የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ሊጎዳ ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩ ውጪው በጣም ቀዝቅዟል ብሎ ካመነ ኮምፕሬሰሩን አያስነሳውም። የእኔዋ መኪና በሚያዝያ ሙቀት ከብርድ ስትጠነቀቅ ከርማለች ማለት ነው።

ዛሬ ፀሐይ ሳትበረታ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ ሥራ ጀመርሁ። የውጪውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ከፊት ግሪሉ ኋላ፣ ከራዲያተሩ ፊት ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ መጠኑ ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ያሉትም ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። በውስጡ ያለው ቴርሚስተር የሚባል ክፍል ሲሞቅ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመግታት አቅሙ) ይቀንሳል፣ ሲበርደው ይጨምራል። መኪናዋ ሙቀት የምታውቀው በዚህ መንገድ ብቻ በመሆኑ፣ መስመሩ ውስጡ ሲበጠስ ሬዚስታንሱ ወሰን ያጣና ለኮምፒውተሩ ልክ የሌለው ብርድ ሆኖ ይታየዋል። አሮጌውን በቴስተር ስለካው ምንም ንባብ አልሰጠኝም። አዲሱ ግን መጽሐፉ በ25 ዲግሪ ከሚጠይቀው ከ1,600 እስከ 1,800 ኦም ውስጥ ገባ፤ በጭብጤ ሳሞቀውም ቁጥሩ እያየሁት ወረደ። ይህችን ሙከራ ሦስት ጊዜ መደጋገሜን አልክድም። አጥር ላይ ሆኖ ሲያየኝ የነበረው የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ በረዶው ቆመ?» አለኝ።

መግጠሙ ደቂቃዎች ብቻ ወሰደ፤ የቆየሁት የግሪሉን ፕላስቲክ ክሊፖች ሳልሰብር ለማውጣት ስታገል ነው፣ አንዱንም ሰበርሁት። ባትሪውን መልሼ ሞተሩን ሳስነሳ ያው 40 ብቅ ሲል ልቤ ተሰበረ። ሆኖም ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከነዳሁ በኋላ ቁጥሩ ተስተካክሎ 27 ላይ ተቀመጠ፤ ወዲያው ኮምፕሬሰሩ «ቀጭ» ብሎ ሲነሳ ሰማሁ።

ያን ቁጥር የምወደው ለኤሲው ብቻ ብዬ አይደለም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆናቸው፣ በፈጣን መንገዱ ከሞጆ በኋላ ሽቅብ ስወጣ ዲግሪው አንድ አንድ እያለ ሲቀንስ ማየት የጉዞዬ ጨዋታ ነበር። ማክሰኞ እሄዳለሁ። የተሰበረውን ክሊፕ ለጊዜው በሽቦ አስሬዋለሁ።