«ገባሽ?» ማለቴን ያቆምኩበት ቀን

ቤት ለቤት ማስጠናት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የማስጠናው ኬሚስትሪና ፊዚክስ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሥራዬ በደንብ ማስረዳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አስረዳለሁ፣ ሥዕል እስላለሁ፣ መጨረሻ ላይ «ገባሽ?» እላለሁ። «አዎ ቲቸር፣ ገብቶኛል።» ፈተና ሲመጣ ግን ያችው ጥያቄ ትጥላቸዋለች።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ሞል የሚባለው የኬሚስትሪ የብዛት መለኪያ ላይ ሦስት ሳምንት ቆይተናል። ግራም ከሰጠኋት በሞላር ማስ (በአንድ ሞል ክብደት) ታካፍላለች፣ መልሷም ልክ ነው። አንድ ቀን «እስኪ በአማርኛ ንገሪኝ፤ ሞል ምንድን ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ቀመሩን ደገመችልኝ። በጣም ደነገጥኩ። እናቷ ከፍላ፣ እኔ ፊቷ ተቀምጬ፣ እንዴት ብላ «አልገባኝም» ትበል? ይሉኝታ ይዟት ኖሯል። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝቼ ሄድኩ። 18 ሚሊ ሊትር ውሃ ስቤ የቡና ሲኒ ውስጥ ጨመርኩት። «ይሄ አንድ ሞል ውሃ ነው» አልኳት። ሲኒውን ዘንበል አድርጋ አየችው። «ይቺው ናት?» አለች። ይቺው ናት፤ 18 ግራም። ሃይድሮጅን 1 እና 1፣ ኦክስጅን 16። ውስጧ ያሉት ሞለኪውሎች ብዛት ግን 602 ተጽፎ ከኋላው 21 ዜሮ ቢደረደር ነው። ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ደብተሯ ላይ ጻፈቻቸው። ከዚያ ጨው አመጣሁ፤ የጨው አንድ ሞል 58.5 ግራም ነው። «ለምን ከበደ?» ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ከማስረዳት ይከብዳል። ረጅም ጊዜ አሰበች። «አንድ ደርዘን ሎሚና አንድ ደርዘን እንቁላል ቁጥራቸው እኩል ነው፣ ክብደታቸው ግን ይለያያል። እንደዚያ ነው?» አለችኝ። ደርዘንን ያነሳችው ራሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ «ገባሽ?» አልልም። «ንገሪኝ» ነው የምለው። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፤ ልጆቹ ትምህርቱንና ቋንቋውን አንድ ላይ ይሸከማሉ። ድሮ አማርኛ ሲቀላቅሉ እቆጣ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

ሌላው የ12ኛ ክፍል ልጅ ነው። ውሃ አፍልቶ እንዲለካ አደረግኩት። ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል፤ መጽሐፉ 100 ነው የሚለው።» አሁንም ዝም አልኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጂኦግራፊ ደብተሩን ገለጠና የአዲስ አበባን ከፍታ አገኘ፤ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። እናቱ ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ኖሮ «ለዚህ ነዋ! ድሬዳዋ እያለሁ ባቄላ ቶሎ ነበር የሚበስልልኝ» አሉ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃው የሚፈላው ከአዲስ አበባው በበለጠ ሙቀት ስለሆነ ባቄላው ቶሎ ይበስላል። ልጁ የዚያን ቀን ትምህርት ከእናቱ ባቄላ ጋር አያይዞ ያዘው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ በኋላ ወላጆች ያለፉ ዓመታት ፈተና ብቻ አሠራልን ይሉኛል። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን የመጀመሪያውን ወር እምቢ እላለሁ፤ በዚህ የተነሳ ሁለት ቤት አጥቻለሁ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ እናሠራለን። የሳቱት ጥያቄ ሁሉ ለብቻው በተያዘ የስህተት ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ለምን እንደሳቱም በራሳቸው ቃል።

እስካሁን ያልተሳካልኝ ኤሌክትሪክ ነው። ሽቦን በውሃ ቧንቧ እየመሰልኩ አስረዳ ነበር። አንዷ ተማሪዬ «ታዲያ ሽቦው ሲቆረጥ ለምን አይፈስም?» ስትለኝ ምሳሌውን ተውኩት። ለቅዳሜ ሁለት ትንንሽ አምፖል፣ ሽቦና ሦስት የባትሪ ድንጋይ ገዝቻለሁ። አምፖሎቹን መጀመሪያ የምታገናኛቸው እሷ ናት።