ስልክ ሳልደውል የዋጥኩት ክኒን

ኮሮና የያዘኝ ለቅሶ ቤት ነው። በዚያ ሳምንት ከቤት የወጣሁት ለእሱ ብቻ ስለሆነ እርግጠኛ ነኝ። ጊዜው ጁላይ 2022፣ ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። የሞቱት የድሮ ጎረቤታችን እናት ናቸው። ጎረቤታችን ደግሞ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ በነበረበት ጊዜ ልጆቼን ትምህርት ቤት ሲያመላልስልኝ የከረመ ሰው ነው። እንዴት ብዬ ልቅር? ማስክ አድርጌ ሄድኩ። በር ላይ ግን አንዲት እናት ማስኬን በገዛ እጃቸው ዝቅ አደረጉና "እስቲ ፊትህን ልየው" ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። ንፍሮው ሲመጣማ ማስኩ ኪሴ ገብቷል።

ልቤ የተቀየረው በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የራሴ ልብ ሰፍቶና ደክሞ ከመኝታ ቤት ሳሎን መድረስ ያቅተኝ ነበር። አሁን ደረቴ ውስጥ ያለው የማላውቀው ሰው ልብ ነው። ሰውነቴ ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው የመከላከል አቅሜን የሚያዳክሙ ክኒኖች እወስዳለሁ። ዋናው ታክሮሊመስ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት፣ ዝንፍ አይልም። ሁለተኛው ሴልሴፕት ይባላል። ለልጆቼ ሳስረዳ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ግቢውን የሚጠብቀው ውሻ እንግዳውን እንዳይነክስ ታስሯል። ሌባ ሲመጣም እንደታሰረ ነው።

ስለዚህ ወረርሽኙ ሲጀምር የእኔ ፍርሃት ከሌላው ሰው ይለይ ነበር። ከዉሃን የመጣው የመጀመሪያው ዘገባ ልብ ስለተቀየረላቸው ሁለት ሰዎች ነበር፤ ሁለቱም ተርፈዋል። እፎይ አልኩ። ቀጥሎ የኒው ዮርክ ሐኪሞች በዚያው በ2020 ስለ 28 ሰዎች ጻፉ። 22ቱ ሆስፒታል ገብተዋል፣ 7ቱ ሞተዋል። ከአራት አንድ። ባለቤቴ ያን ቀን ስልኬን ቀምታ ደበቀችው።

ክትባቱ ሲመጣም ደስታችን ሙሉ አልነበረም። ጆንስ ሆፕኪንስ በሜይ 2021 ባወጣው ጥናት፣ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው 658 ሰዎች መካከል ከሁለት ዶዝ በኋላ አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው መከላከያ) የተገኘባቸው 54 በመቶው ብቻ ናቸው። እኔ ከቀሩት ነኝ። ተመርምሬ ውጤቱ ባዶ ሆነ። በኦገስት ለእንደኛ ዓይነቱ ሦስተኛ ዶዝ ሲፈቀድ በማግስቱ ሄጄ ተወጋሁ። በ2022 ጸደይ ደግሞ ኢቩሼልድ የሚባለውን፣ ክትባት ላልሠራለት ሰው ተዘጋጅቶ የመጣ አንቲቦዲ የሚሰጥ መርፌ ወሰድኩ፤ በአንድ ቀን ሁለት፣ ግራና ቀኝ መቀመጫ ላይ። መኪና እየነዳሁ ወደ ቤት ስመለስ በየትኛው ጎን ልቀመጥ እንደምችል ግራ ገብቶኝ ነበር።

እንግዲህ ለቅሶው እሑድ ነው። ረቡዕ ማታ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ትኩሳቴ 37.6 ነው፤ ይህ ነው የሚባል አይደለም። የልብ ምቴ 104። አብዛኛው ሰው ተቀምጦ 104 ቢያይ ይደነግጣል። የተተከለ ልብ ግን ምቱን የሚያረጋጋው ነርቭ ተቆርጦ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ዝም ብሎም ከ90 በላይ ይመታል። ሰዓቴ በሰላሙም ቀን 100 ነው የሚለኝ። ሌላው ሰው መታመሙን በሚያውቅበት ምልክት እኔ ልተማመን አልችልም። ሐሙስ ጠዋት እቤት ተመረመርኩ። ሁለት መስመር ወጣ።

የንቅለ ተከላ ክፍሉ ቁጥር ስልኬ ላይ መጀመሪያ የተመዘገበው ነው። "ሳል እንኳ ቢይዝህ መጀመሪያ ለእኛ" ተብያለሁ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሃያ ጊዜ። አልደወልኩም። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። ከሞተ ሰው ልብ ተሰጥቶኝ፣ እኔ ለቅሶ ሄጄ ተስሜ፣ ንፍሮ ቆርጥሜ መጣሁ ማለት ከበደኝ። ስለዚህ ቤታችን አጠገብ ካለች አንዲት ክሊኒክ ሄድኩ።

ፎርሙ ላይ "የሚወስዱት መድኃኒት" የሚል ቦታ አለ። "የልብ መድኃኒት" ብዬ ጻፍኩ። እኔ ከሰው ጋር ሳወራ እንዲህ ነው የምለው፤ ንቅለ ተከላ ካልኩ ጥያቄው አያልቅም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ቸኩሏል። "ልብ ሕመም አለብህ፣ ስለዚህ ፓክስሎቪድ ያስፈልግሃል" አለኝ። ምን ዓይነት የልብ መድኃኒት ብሎ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። መድኃኒቱን የሰጠኝ የሰፈራችን ፋርማሲም ምንም አላለም። የሚል ነገር የለውማ! የንቅለ ተከላ መድኃኒቶቼ ከሌላ ፋርማሲ በፖስታ ነው የሚመጡልኝ። የሰፈሩ ፋርማሲ ኮምፒውተር ላይ እኔ የአለርጂ ክኒን ብቻ የምወስድ ጤነኛ ሰው ነኝ።

ፓክስሎቪድ የኮሮና ክኒን ነው፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ፍሬ ይዋጣል፤ ሁለት ሮዝ፣ አንድ ነጭ። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከታክሮሊመሴ ጋር ዋጥኩት። ዓርብ ጠዋት እንዲሁ፣ ዓርብ ማታ እንዲሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንዲሁ። አፌ ሳንቲም የያዝኩ ያህል መረረኝ። እናቴ ከደሴ ደውላ "ዳማከሴ አሽተህ ጠጣ ልጄ፣ ምች ነው" ትለኛለች። "እሺ እማዬ፣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ" እላታለሁ። መድኃኒት በሰዓቱ በመውሰድ የምኮራ ሰው ነኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ዶዝ አልዘለልኩም። በዚያ ሳምንት የጎዳኝ ይኸው ኩራቴ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ሲኒውን በሩ ሥር አስቀመጠችልኝ። አነሳሁት። ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጭ ጀመር። በሁለት እጄ ያዝኩት፤ አሁንም ይንቀጫቀጫል። ቡናው ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴ በበሩ ክፍተት አየችኝና አንድ ቃል ሳትናገር ስልኬን አንስታ ንቅለ ተከላ ክፍሉ ደወለች።

የተረኛዋ ነርስ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "ፓክስሎቪድ" ስላት ዝም አለች። ከዚያ "ስንት ጊዜ?" አለችኝ። "አራት።" "ታክሮሊመሱስ?" "እሱንማ አልዘለልኩም" አልኳት፤ ልትመርቀኝ መስሎኝ። "ሁለቱንም አሁኑኑ ተው። ሌላ ነገር እንዳትውጥ። ተነስተህ ና።"

ደሜ ውስጥ ያለው ታክሮሊመስ ሁልጊዜ 7 ወይም 8 ነው። ያን ቀን 34 ሆኖ ተገኘ። የኩላሊት መለኪያዬ ክሬአቲኒን ከ1.2 ወደ 2 ወጥቷል። ሳንባዬ ንጹሕ ነው። እንግዲህ ሆስፒታል ያስገባኝ ኮቪዱ ሳይሆን የኮቪዱ መድኃኒት ነው።

ነገሩን የንቅለ ተከላ ፋርማሲስቷ ናት ያስረዳችኝ። ነጩ ክኒን ሪቶናቪር ይባላል። ኮሮናን ራሱ አይዋጋም። ሥራው ጉበት ሮዙን መድኃኒት ፈጥኖ እንዳያጠፋው ጉበትን መያዝ ነው። ታክሮሊመስን የሚያጠፋውም ያው የጉበት ኤንዛይም ነው። በሩ ሲዘጋ ታክሮሊመሱ መውጫ አጥቶ ይከማቻል፤ እጄን ያንቀጠቀጠውም ኩላሊቴን የነካውም እሱ ነው። ግሬፕፍሩት የተከለከልኩትም ለዚሁ ነው። ግሬፕፍሩቱን አራት ዓመት ሙሉ እንደ እባብ ሸሽቼ፣ መቶ እጥፍ የሚብሰውን በውኃ አወራረድኩት። ፓክስሎቪድ ለአብዛኛው ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ስሙን ላጠፋ አይደለም። ለእኛም አንዳንድ ሐኪሞች ታክሮሊመሱን አስቀድመው አቁመው፣ ደም እየለኩ ይሰጡታል። ግን ያ የእነሱ ሥራ ነው፤ የሰፈር ክሊኒክ ሥራ አይደለም፣ የእኔም አይደለም።

ታክሮሊመሱን አቆሙልኝ። ሴልሴፕቱንም ለአንድ ሳምንት አስቆሙኝ፤ ውሻው ትንሽ ይፈታ ብለው። ሬምዴሲቪር የሚባለውን ሌላ የኮሮና መድኃኒት ለሦስት ቀን በደም ሥር ሊሰጡኝ አስበው ነበር፤ ኩላሊቴ ስለተነካ ግን ቤብቴሎቪማብ የሚባል፣ እሱም ተዘጋጅቶ የመጣ አንቲቦዲ የሆነ መርፌ መረጡ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለህ ትታያለህ። ይህን ያነበበ "እኔም እሱን ስጡኝ" እንዳይል አደራ። ቫይረሱ ሲለዋወጥ ቤብቴሎቪማብ በኖቬምበር 2022፣ ኢቩሼልድ ደግሞ በጃንዋሪ 2023 አሜሪካ ውስጥ ፈቃዳቸው ተነሥቷል። በዚህ በሽታ የአምናው መድኃኒት ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ታክሮሊመሱ ከ10 በታች ለመውረድ ስድስት ቀን ፈጀ። አሁን ደግሞ ሌላው ፍርሃት መጣ፤ ዝቅ ካለ ሰውነቴ ልቡን ያጠቃዋል። በየቀኑ ደም ተቀዳሁ። በሰባተኛው ቀን በትንሽ መጠን ጀመርኩ። እጄ መንቀጥቀጡን ሲያቆም ያወቅኩት ፊርማዬን ሳይ ነው፤ የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ የቅዳሜው ፊርማዬ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይመስላል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቤት ልከውኝ ስለነበር የቀረውን እዚያው ነው የታከምኩት። ጣት ላይ የምትሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ገዛን። ስለዚች ዕቃ አንድ ነገር ልበል። በዲሴምበር 2020 የወጣ ጥናት፣ መለኪያዋ ደህና ነው እያለች ኦክስጅናቸው የወረደ ሰዎች በጥቁር ሕመምተኞች ላይ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚበዙ አሳይቷል። የኛ ቆዳ ላይ ታሞካሻለች ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ቁጥር አላመንኩም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየለካሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ፤ የማየው ከትናንቱ መውረዱን ነው። ደረጃ ወጥቼ ወርጄም እለካ ነበር። ከ97 ወደ 94 የወረደ ዕለት ደወልኩ። በዚህ ጊዜ አላፈርኩም። "ና" አሉኝ፣ ሄድኩ፣ ደህና ነበርኩ፣ ተመለስኩ። ማንም አልሳቀብኝም።

ቤተሰቡ በአምስት ቀን ነጻ ሲወጣ እኔ 19 ቀን ሙሉ ሁለት መስመር እያየሁ ቆየሁ። የታሰረ ውሻ ሌባን ቶሎ አያባርርም። ባለቤቴ ሳህኑን በሩ ሥር እያስቀመጠች ሦስት ሳምንት ከረመች። ከዚያ በአንገቴ በኩል ገብተው ከልቡ ቁራጭ ወስደው መረመሩ፤ የማጥቃት ምልክት የለም።

አሁን ያስተካከልኩት ብዙ አይደለም። ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ሄጄ መድኃኒቶቼን በሙሉ፣ ከእነሱ የማልገዛውን ጭምር፣ ኮምፒውተራቸው ላይ አስመዘገብኩ። ልጄ የቦርሳ ካርድ ሠርታ በፕላስቲክ አስለበጠችልኝ፦ "ልቤ የተተከለ ነው። ታክሮሊመስ እወስዳለሁ። ማንኛውንም ነገር ከማዘዛችሁ በፊት በዚህ ቁጥር ደውሉ።" "የልብ መድኃኒት" የምትለውን ቃል ከአፌ አወጣኋት። እማዬንም ዳማከሴው ይቅርብኝ አልኳት፤ ከክኒኖቼ ጋር ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሐኪም አላገኘሁም። ተቀየመችኝ፣ ከዚያ ረሳችው።

ይህን የሚያነብ አዲስ አበባ ያለ ሰው "ልብ ንቅለ ተከላ እኛ ጋ የለ" ሊል ይችላል። ኩላሊት ግን አለ፤ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሯል። ውጭ ሄደው ተተክሎላቸው የተመለሱም አሉ። ክኒኑ ያው ታክሮሊመስ ነው፣ ነጩም ክኒን ያው ነጭ ነው።

የጎረቤታችን እናት አርባ የዋለው በፍልሰታ ጾም ነው። ሄድኩ። ውስጥ ግን አልገባሁም፤ ወንበር አስወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። እነዚያ እናት ከቤት ብቅ አሉና ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ብድግ ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ቆም አሉ። ነገሩን ሰምተዋል መሰለኝ። የሽሮውን ሳህን ደረጃው ላይ አስቀመጡና "በል ከዚህ አንሳው፣ እኔ ፈቀቅ እላለሁ" አሉኝ።