ማራናታ ፍለጋ ካሊፎርኒያ

ሞቴሉን ኢንተርኔት ላይ የያዝኩት በ89 ዶላር ነው። ጠዋት ስወጣ ሒሳቡ 131 ሆኖ ጠበቀኝ። «ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?» ብለው ልጁ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ «ታክስ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የአገልግሎት…» እያለ ቆጠረልኝ። ያገኘሁት አገልግሎት ሌሊቱን ሙሉ የ405ን አውራ ጎዳና ማዳመጥ ነበር። ከጭነት መኪኖቹ የተረፈችኝን እንቅልፍ የክፍሉ ፍሪጅ ወሰዳት።

ከቨርጂኒያ ሎስ አንጀለስ ድረስ ያለውን አልጽፍም፤ ተኝቼ ነው የመጣሁት። ትንሿ ኢትዮጵያ ወርጄ ሽሮ በላሁ፤ ከኛ ሰፈር ይወደዳል፣ እንጀራው ግን ዓይን አለው። ከዚያ በኪራይ መኪና ወደ ደቡብ፣ ወደ ኮስታ ሜሳ።

«ካሊፎርኒያ ሄዶ ዲዝኒላንድን የማያይ ሰው አንተን አየሁ» ብላኛለች ሚስቴ። ምን ላድርግ፣ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ያደግሁ የጴንጤ ልጅ ነኝ። ቤታችን ስንዘምር መጋረጃው ይዘጋል፣ ድምፅ ይቀነሳል፤ ጭብጨባው እንኳ በሁለት ጣት መዳፍን መታ መታ ማድረግ ነበር። አጎቴ ከየት እንዳመጣት የማይናገርላት አንዲት ካሴት ነበረችው። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ «ማራናታ» ተብሎ ተጽፏል። ውስጧ ጊታርና ለስለስ ያለ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ የወንዶች ድምፅ። ቃሉ በአረማይክ «ጌታችን ሆይ፣ ና» ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። የመዝሙር አሳታሚ ድርጅት ስም መሆኑን የሰማሁት ግን አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነው።

የማራናታ መነሻ እዚሁ ኮስታ ሜሳ ያለው ካልቨሪ ቻፕል የሚባል ቸርች ነው። እሁድ ጠዋት ደረስኩ። መኪና ማቆሚያው ብቻ የኛን ቸርች ከነግቢው ይውጠዋል። ፕሮግራሙ በሰዓቱ ተጀመረ፣ በሰዓቱ አለቀ፤ ይሄ አበሳጨኝ። መዝሙሩ ገና ሊያሞቀኝ ሲል «ተቀመጡ» ተባለ። እኛ ጋ ቢሆን ገና የመጀመሪያው ዘማሪ ማይክ እየሞከረ ነው።

ከጎኔ ሰባ ዓመት የዘለሉ ነጭ ሴትዮ ነበሩ። ስለ ካሴቷ ስነግራቸው ክንዴን ያዝ አድርገው «በ1971 እኮ እዚህ ነበርኩ» አሉኝ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ፓስተር ቸክ ስሚዝ በ1965 ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ ነበረች። ከዚያ ሎኒ ፍሪስቢ የሚባል ጸጉረ ረጅም ወጣት ሰባኪ ሂፒዎቹን፣ ከወጉ ያፈነገጡትን ወጣቶች፣ ከባሕር ዳርቻው ይዞ ይገባ ጀመር። ሽማግሌዎቹ አዲሱ ምንጣፍ እንዳይቆሽሽ «በባዶ እግር መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ፓስተሩ ማስታወቂያውን ገንጥሎ፣ ችግሩ ምንጣፉ ከሆነ ምንጣፉ ይነሳ አለ ይባላል። የኛዎቹን ሽማግሌዎች አስታወስኩና ሳቄ መጣ። እነሱ ቢሆኑ ልጆቹን ነበር የሚያነሱት።

አሜሪካዊው ዘማሪ ላሪ ኖርማን በ1969 በካፒቶል ሪከርድስ በኩል የሮክ መዝሙር አልበም አውጥቶ ነበር። እዚህ ደግሞ ላቭ ሶንግን የመሳሰሉት ባንዶች ዓለማዊውን ዜማ ይዘው መጥተው ሰው አጨናነቁ። ማራናታ የመጀመሪያውን ሸክላ በ1971 ያወጣው የእነዚህን ልጆች መዝሙር ሰብስቦ ነው። በ1972 ክረምት ዳላስ ላይ ኤክስፕሎ 72 በተባለው ጉባኤ ማሳረጊያ ኮንሰርት ላቭ ሶንግና ላሪ ኖርማን ከ100 ሺህ በላይ ሰው ፊት ዘመሩ። በዚያው ክረምት አዲስ አበባ የሙሉ ወንጌል ምእመናን ከአምልኮ ላይ እየታፈሱ ይታሰሩ ነበር። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት እስር ቤት ከረመ። የአሜሪካኖቹ መዝሙር የሙዚቃ ከተማዋ ናሽቪል ገብቶ ኢንዱስትሪ ሆነ፣ የዘማሪት ኤሚ ግራንት የ1982 አልበምም ፕላቲኒየም ደረሰ፤ ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው። የኛ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ እየተሻከረ ሄደ። እውነቱን ልናገርና፣ ያ ሻካራ ድምፅ ዛሬም ከስቱዲዮው ይበልጥብኛል።

ሴትዮዋ «የተጠመቅሁበትን ላሳይህ፣ መኪናዬን ተከተል» አሉኝ። ኮሮና ዴል ማር፣ ፓይሬትስ ኮቭ። ቦታ ፍለጋ ሃያ ደቂቃ ዞርን። ከገደሉ በደረጃ ሲወረድ፣ ድንጋዩ እንደ ቲያትር ቤት መቀመጫ ከቦት አንዲት ትንሽ የባሕር ጓዳ አለች። ያኔ በመቶ የሚቆጠር ሰው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እየዘመረ፣ ሌላው ተራ በተራ ውሃ ይገባ ነበር። አሁን ሁለት ልጆች ውሻ ያጥባሉ።

ሴትዮዋ ጫማቸውን አውልቀው የቀኝ እግራቸውን ውስጥ አሳዩኝ። ነጭ ቀጭን ጠባሳ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ መሃል። ከጥምቀቱ ሲወጡ የባሕር ዛጎል የቆረጣቸው ነው። «ደሙ እስከ ቸርች ተከተለኝ» አሉ እየሳቁ። «ምንጣፉ ላይ!»

እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሐምሌ ሆኖ ውሃው አጥንት ይሰብራል። ሳላስበው ከአጎቴ ካሴት አንዱን ማንጎራጎር ጀመርኩ። እሳቸውም ያውቁት ኖሮ ከፍ አድርገው፣ ውሻውን እስኪያስደነግጡ ተቀበሉኝ። ከዚያ ዞር ብለው «አንተ ግን ለምንድን ነው የምታንሾካሽከው?» አሉኝ።

ልመልስላቸው ስል ሰዓቴን አየሁ። ለመኪና ማቆሚያ የከፈልኩበት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረጃውን ሮጥኩ።