ከዶቢያኮ ወደ ኮርቲና፦ የኤውጄኒዮ ሞንቲ አገር

በሰሜን ኢጣሊያ ከዶቢያኮ ተነሥቶ ወደ ኮርቲና ዳምፔዞ የሚሄደው አውቶብስ ተራሮቹን አቋርጦ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። በ2025 ሰኔ ወር ላይ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ይህን መንገድ የመረጥሁት፣ በበረዶ በተሸፈነ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ቦብ በሚባል መንሸራተቻ ቁልቁል ከሚወረድበት ከቦብስሌይ ስፖርት ታላላቅ ሾፌሮች አንዱ የሆነው ኤውጄኒዮ ሞንቲ በአንደኛው ጫፍ ተወልዶ በሌላኛው ጫፍ ስሙን ስለ ተከለ ነው። ሞንቲ በዶቢያኮ የተወለደው ጥር 23 ቀን 1928 ሲሆን፣ አካባቢው እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የኦስትሪያ ግዛት ስለ ነበር ዛሬም የመንገድ ምልክቶቹ በጀርመንኛና በጣሊያንኛ ተጽፈው ይታያሉ። ከአውራ ጎዳናው ጎን ለጎን የሚሄደው የቀድሞው የባቡር መስመር አሁን የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ኮርቲና ከባሕር ወለል በላይ 1,224 ሜትር ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከአዲስ አበባ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሆኖም ክረምቷን በበረዶ ተሸፍና ታሳልፋለች።

ሞንቲ ሥራውን የጀመረው በቦብ አልነበረም። በወጣትነቱ ፈጣን የስኪ (በእግር ታስሮ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት) ተወዳዳሪ ነበር፤ ከቀይ ጠጉሩ የተነሣም «በራሪው ቀይ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። በ1951 ግን ወድቆ የሁለቱም ጉልበቶቹ ጅማቶች በመበጠሳቸው የስኪ ተስፋው አበቃ። በቦብስሌይ ተወዳዳሪዎቹ ከባዱን ቦብ በሩጫ ገፍተው ዘለው ይገቡበታል፤ ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ከፊት ሆኖ በየጠመዝማዛው ይመራል፣ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ፍሬኑን ይይዛል። አሸናፊውን የሚለየው የሴኮንድ መቶኛ ስለ ሆነ የሾፌሩ ዐይንና እጅ ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ ሞንቲም የተካነው በዚሁ ነበር። በ1956 በኮርቲና በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ በሁለት ሰውም በአራት ሰውም ውድድር የብር ሜዳልያ አገኘ። ከ1957 እስከ 1961 በሁለት ሰው ቦብ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ የ1960ው የስኳው ቫሊ ኦሊምፒክ አዘጋጆች ግን የቦብ መስመር ባለመሥራታቸው በብርታቱ ዘመን አንድ ኦሊምፒክ አመለጠው።

የሞንቲን ስም የያዘው የቦብ መስመር ከኮርቲና መሐል በእግር የሚደረስበት ነው። በ1923 የተሠራው የቀድሞው መስመር በ2008 ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ፈርሷል፤ እኔ ያየሁት ለ2026ቱ ኦሊምፒክ የተሠራውን አዲሱን ነው። በበጋ በረዶ ስለሌለው ባዶ ኮንክሪቱ በጫካው መካከል እየተጠማዘዘ ሲወርድ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ተመለከትሁ። ለእርሱ ሲባል ብዙ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም ውድድሩ ቀድሞ በተሠራ የውጭ አገር መስመር ላይ ቢደረግ ይመርጥ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ለፈጀ ለዚህ ግንባታ የሞንቲ ዝና ብቻውን በቂ ምክንያት ነው ብዬ ለመከራከር እኔም አልደፍርም።

ዝናው ግን በሜዳልያ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1964 በኢንስብሩክ ኦሊምፒክ በሁለት ሰው ውድድር የእንግሊዞቹ የቶኒ ናሽና የሮቢን ዲክሰን ቦብ የኋላ ዘንጉ ቡሎን ተሰበረበት። ሞንቲ ከራሱ ቦብ ላይ ቡሎን ፈትቶ ላከላቸው፤ እነርሱም ወርቁን ወሰዱ። ብሩ ለኢጣሊያዊው ለሰርጂዮ ዛርዲኒ ቡድን ሲሆን፣ ሞንቲ ከሰርጂዮ ሲዮርፓዬስ ጋር ነሐስ አገኘ። ስለዚህ ቡሎኑ ያሳጣው የራሱን ዕድል ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ወርቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ በአገሩ የተነቀፈውም በዚህ ነው። የእርሱ መልስ ናሽ ያሸነፈው በቡሎኑ ሳይሆን ፈጣን ሆኖ ስለ ተገኘ ነው የሚል ነበር። በአራት ሰው ውድድርም የካናዳውያን ቦብ ተጎድቶ ሳለ የሞንቲ መካኒኮች ረዷቸው፤ ካናዳ ወርቅ ስትወስድ እርሱ እንደገና ነሐስ አገኘ። ለስፖርታዊ ጨዋነት የሚሰጠው የፒየር ደ ኩበርቲን ሜዳልያ መጀመሪያ የተሰጠው ለእርሱ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ጽድቅ ሥራ ያወሩታል፤ እኔ ግን የሚታየኝ ተፎካካሪው በተሰበረ ዕቃ ምክንያት ሲቀርለት ድሉን እንደ ድል መቁጠር ያልፈለገ ሰው ኩራት ነው።

ወርቁ የመጣው በ1968 ሲሆን፣ ሞንቲ አርባ ዓመት ሞልቶት ነበር። በግሬኖብሉ ኦሊምፒክ የቦብ መስመሩ አልፕ ዱዌዝ ላይ ስለ ነበር ፀሐይ በረዶውን እያቀለጠች አዘጋጆቹን አስቸገረቻቸው። በሁለት ሰው ውድድር ሞንቲና ፍሬን ያዡ ሉቺያኖ ዴ ፓኦሊስ ከምዕራብ ጀርመኑ ከሆርስት ፍሎት ቡድን ጋር በአራቱ ዙር ድምር ጊዜ እኩል ወጡ። የነጠላ ዙር ፈጣን ሰዓት የሞንቲ በመሆኑ ግን ወርቁ ለእርሱ ተወሰነ። የአራት ሰው ውድድር በበረዶው መቅለጥ ወደ ሁለት ዙር ቢቀነስም የሞንቲ ቡድን ኦስትሪያን በ9 የሴኮንድ መቶኛ ቀድሞ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ውድድር አቁሞ በኮርቲና በስኪ ሊፍት (ተንሸራታቾችን ወደ ተራራ በሚያወጣ ማንሻ) ሥራ ተሰማራ። በፓርኪንሰን ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ በ2003 በ75 ዓመቱ ዐረፈ፤ አዲሱ መስመርም እንደ ቀድሞው በስሙ ይጠራል።