ጄቱን ከላይ ሆኖ ማየት

ተዋጊ ጄት ሲያልፍ ማንም ሰው አንገቱን ወደ ላይ ነው የሚያቀናው። ዌልስ ውስጥ ግን ጄቱን ቁልቁል የምታዩበት ቦታ አለ። እናንተ ተራራው ወገብ ላይ ቆማችኋል፣ እሱ ከእግራችሁ በታች በሸለቆው ይሾልካል። የክንፉን ጀርባ ታያላችሁ። የአብራሪውን ሄልሜት ታያላችሁ። አንዳንዱ አብራሪ እጁን ያወዛውዛል፤ እውነቴን ነው።

ቦታው ማክ ሉፕ ይባላል። በማዕከላዊ ዌልስ፣ በዶልጌላይና በማኻንሌት ከተሞች መካከል ያሉ ሸለቆዎች ተያይዘው የሠሩት ቀለበት ነው። እኔ ከምኖርበት ከበርሚንግሃም በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው። የሐረር ሜዳ አየር ኃይል ሰፈር ጎረቤት የጄት ድምፅ አያስደነግጠውም። ሚግ-23 ሲነሳ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ እናቴ ወሬዋን ለአፍታ ታቆምና ካቆመችበት ትቀጥላለች። በኤርትራው ጦርነት ጊዜ ሱ-27 ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች በድምፁ ብቻ ከሚጉ እንለየው ነበር። ቀርቦ ማየት፣ ያውም በካሜራ፣ ግን የሚታሰብ አልነበረም። ወታደራዊ ሰፈር አጠገብ ካሜራ ያወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዝ ከመጣሁ በኋላ፣ ሰዎች ከመንገድ ዳር ወጥተው ኮረብታ ላይ ተቀምጠው የአገራቸውን ተዋጊ ጄት እንደልባቸው ፎቶ ያነሳሉ ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ለምን እዚያ ይበራሉ? ራዳር የሚያየው በቀጥታ መስመር ነው። ተራራ ከተጋረደበት ከጀርባው ያለውን አያውቅም። ስለዚህ ሳይታይ መግባት የሚፈልግ አብራሪ ተራራውን ጋሻ አድርጎ፣ መሬት ለመሬት መብረርን መልመድ አለበት። ዌልስ ተራራም አላት፣ ሕዝቧም በዚያ በኩል ሳሳ ያለ ነው። ለጄቶች በተለምዶ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ርቀት 250 ጫማ ነው፤ 76 ሜትር መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል። ጄቱ ከሕንፃው ግማሽ በታች ያልፋል ማለት ነው፤ ያውም በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ።

ይህ ፍጥነት ከእኛ ከተመልካቾቹ ምን እንደሚጠይቅ ያስተማረኝ ተራራው ነው። በደብረ ዘይት ልማድ መጀመሪያ ድምፁን ትሰማለህ፣ ከዚያ ሰማዩን ታስሳለህ። እዚህ ያ አይሠራም። አስሉት እስቲ። ጄቱ በሰከንድ 230 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ድምፅ ደግሞ 340። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጄት እናንተ ጋ ለመድረስ ዘጠኝ ሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል፤ በዚያች ቅጽበት ያወጣው ድምፅ ደግሞ ስድስት ሰከንድ ገደማ መንገድ ላይ ነው። ሰምታችሁ እስክትዞሩ የቀራችሁ ሦስት ሰከንድ ነው። ተራራው ድምፁን ከጋረደው ደግሞ እሷም የለችም። ስለዚህ ሥራው የዓይን ነው። ሸለቆው የሚከፈትበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ፣ ከዚያም ዓይንን እዚያ ላይ መትከል። አሰልቺ ነው። ጨዋታ ከያዛችሁ እንኳ ፊታችሁን ወደ ሰውየው ሳይሆን ወደ ሸለቆው አድርጋችሁ ተጫወቱ፤ እዚያ ማንም አይቀየማችሁም።

ደግነቱ የሚመጡበት አቅጣጫ ይታወቃል። ቀለበቱን የሚዞሩት በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ነው። ዝነኞቹ መቆሚያዎች ካድ ኢስትና ካድ ዌስት ናቸው፤ በኤ487 መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከካዴር ኢድሪስ ተራራ አጠገብ። እዚያ ጄቶቹ ከሰሜን መጥተው ወደ ታሊሊን ሐይቅ ቁልቁል ይወርዳሉ። ጠዋት ካድ ኢስት፣ ከሰዓት በኋላ ካድ ዌስት እመርጣለሁ፤ ፀሐይዋ ከጀርባዬ እንድትሆን ነው። ሽቅቡ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ሣሩም ርጥብ ነው። ስኒከር አድርጎ የሚወጣ ሰው ሲወርድ በመቀመጫው ነው የሚወርደው።

ቀን መምረጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም በሕዝብ በዓል ቀን አትልፉ፤ በአብዛኛው የሚበሩት ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። እኔ ከሥራ ፈቃድ እየወሰድኩ ነው የምሄደው፤ አለቃዬ ሐኪም ቤት የምመላለስ ሳይመስላት አይቀርም። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር በድረ ገጹ ሰሌዳ ያወጣል፣ ግን እሱ ከ250 ጫማም ዝቅ ብለው ለሚያደርጉት ልዩ ልምምድ ነው። ተራውን በረራ ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። የበረራ መከታተያ አፖችም ብዙ አይረዱም፤ ተዋጊ ጄት ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ አይታይም። በትንበያው ላይ የማየው የዝናቡን መጠን ሳይሆን የደመናውን ከፍታ ነው። ደመናው ተራራው ጫፍ ላይ ከተቀመጠ አልሄድም። ካፊያ ግን ችግር የለውም። እንዲያውም አየሩ ሲረጥብ ጄቱ በኃይል ሲታጠፍ ክንፉ ላይ ያለው አየር ግፊቱ ድንገት ይወርድና ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም ነጭ ጉም ይሆናል። ያንን ነጠላ መሳይ ነገር ክንፉ ላይ ጥሎ ሲታጠፍ ያየ ሰው በጠራ ሰማይ ቀን አይጓጓም።

ምን ምን ይመጣል? በብዛት ሆክ። የብሪታኒያ አየር ኃይል ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ጄት ነው፤ አንግልሲ ደሴት ላይ ካለው ከቫሊ አየር ኃይል ሰፈር ይነሳል። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቀለም የተቀባው በደንብ እንዲታይ ተብሎ ነው፤ አረንጓዴው ተራራ ፊት ጉንዳን አክሎ ከሩቅ ይለያል። ታይፉን ይመጣል። ኤፍ-35 ይመጣል፤ ሞተሩ አንድ ነው ግን ጩኸቱ ደረት ይደልቃል። ሰፎክ ከሚገኘው ከሌክንሂዝ ሰፈር የአሜሪካኖቹ ኤፍ-15ኢ ይመጣል፤ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ግዙፉ ኤ400ኤም ማመላለሻ በዚያ ጠባብ ሸለቆ ክንፉን አጋድሎ ሲገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ሽማግሌዎቹ ተመልካቾች ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የተሰናበተውን ቶርኔዶ ጄት እያነሱ ይተክዛሉ። «እናንተ ምን አያችሁ!» ዓይነት ነገር፤ የትም አገር ያለ ነው።

ስለ ካሜራው አጠር ላድርገው። ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ሌንስ ይበቃል፤ ውድ ሌንስ የተሸከመው ሁሉ የተሻለ ፎቶ ይዞ አይወርድም። ለጄት የሸተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት፣ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ በላይ አፍጥኑት። ለሄሊኮፕተርና ለፕሮፔለር አውሮፕላን ግን በጣም ዝቅ አድርጉት፤ አለዚያ የሚሽከረከረው ክንፍ ደርቆ ይቀርና አውሮፕላኑ አየር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ከጀርባው ያለው ተራራ ጨለም ያለ ስለሆነ ካሜራው ይታለልና ጄቱን አንጥቶ ያቃጥለዋል፤ ብርሃኑን በእጅ መቆጣጠር ይሻላል። ስትከተሉት ክንዳችሁን ብቻ ሳይሆን ወገባችሁን አዙሩ። ከዚህ ሁሉ በላይ የምመክረው ግን የመጀመሪያውን ጄት ያለ ካሜራ እንድታዩት ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ናት። በዓይን ያልታየች እንደሆነ በፎቶ አትተካም።

ኮረብታው ላይ ያሉት ሰዎች ጥሩዎች ናቸው። ጡረተኛ ሹፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ ከሆላንድ ድረስ የሚመጡ አሉ። ማን እንደሆንክ ሳይጠይቁህ ሻይ ይቀዱልሃል። እኔም ዳቦ ቆሎ እይዛለሁ፤ አሁን ሳልይዝ ብሄድ ቅር የሚላቸው አሉ። አንዳንዶቹ የአብራሪዎቹን ሬዲዮ የሚያዳምጡበት መሣሪያ ይዘዋል። በእንግሊዝ ሕግ ለእናንተ ያልተላከ የሬዲዮ መልእክት ማዳመጥ ጥፋት ነው፤ ብዙ ሰው ቢያደርገውም እኔ አልነካውም። የስደተኛ ጥንቃቄ በሉት።

አንድ ወዳጄን አብረን እንሂድ ብዬው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ያደገው ሰሜን ነው። በደርግ ጊዜ ሚግ ሲመጣ ገበያ የሚበተንበት፣ እናቶች ልጅ አዝለው ጉድጓድ የሚገቡበት አካባቢ። «እኔ ያን ድምፅ ገንዘብ ከፍዬ ልሰማው?» አለኝ። ምን ይባላል? ዝም አልኩ። ሰዉ የሚደሰትበት ይህ ማሽን ለምን እንደተሠራ ኮረብታው ላይ ብዙም አይወራም። እኔ ግን ወዳጄ ከተናገረኝ ወዲህ ሁለቱንም ይዤ ነው የምወጣው። ፎቶዎቹን ለእሱ አላሳየውም፤ የእሱንም ነገር ትክክል አይደለም ብዬ አልከራከርም። ደስታዬ ግን አልቀነሰም፤ ይህን መደበቅም አልፈልግም።

መሄድ ለምታስቡ የቀሩትን ላንሳ። በመንገዱ ዳር ያለው መኪና ማቆሚያ በጠዋት ይሞላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ሽንት ቤት የለም። የስልክ ኔትወርክም እንደ ነገሩ ነው። ምንም ነገር ሳያልፍ የሚመሽበት ቀን አለ፤ መጽሐፍና ሁለተኛ ጃኬት ያዙ። መሬቱ የገበሬዎች ግጦሽ ነው፤ የከፈታችሁትን በር ዝጉ። ውሻ ካላችሁ ቤት ተዉት። በጎቹ ኤፍ-15 በላያቸው ሲያልፍ ሣራቸውን ይግጣሉ፤ አንድ ትንሽ ውሻ ካዩ ግን ተራራውን ሙሉ ይሮጣሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ባለቤታቸው ነው።