የዜናውን የመጨረሻ መስመር መጀመሪያ አነባለሁ

ላስ ቬጋስ ታክሲ ነጂ ነኝ። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ከመኪና ወርደን እንሰባሰባለን። ቡና በፔርሙስ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ፖለቲካው፣ ኳሱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ሁሉም እዚያ ይወራል። እ.ኤ.አ. በ2016 መኸር ላይ ግን ወሬው አንድ ብቻ ነበር፤ ለአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ለሬይደርስ ሊሰራ የታሰበው ስታዲየም።

እኔ ስታዲየም ሲባል ልቤ ቶሎ ይሞቃል። ያደግኩት ካምቦሎጆ አካባቢ ነው። ጊዮርጊስና ቡና ሲጋጠሙ ጩኸቱ ቤታችን ድረስ ይመጣል። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች "አገቡ" ትል ነበር፣ ማን እንዳገባ ሳታውቅ። ስለዚህ 65,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ከተማችን ውስጥ ሊሰራ ነው ሲባል አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። እንዲያውም ሌሎቹን የማሳምነው እኔ ነበርኩ። "የቱሪስት ገንዘብ ነው፣ እኛን አይነካንም" እል ነበር። ይህን ያነበብኩት ጋዜጣ ላይ ነው። ጋዜጣው የማን እንደሆነ ግን አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የኔቫዳ ትልቁ ጋዜጣ ሪቪው ጆርናል በዲሴምበር 2015 በ140 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገዢው ማን እንደሆነ አልተነገረም። ቆፍረው ያወጡት የጋዜጣው ጋዜጠኞች ራሳቸው ናቸው። ገዢው የካዚኖ ባለሀብቱ የሼልደን አደልሰን ቤተሰብ ነበር። ስለ ራሳቸው አዲስ አለቃ እንዲህ ደፍረው መጻፋቸውን እስከ ዛሬ አከብራለሁ። በተከታዩ ዓመት አደልሰን ለሬይደርስ ስታዲየም 650 ሚሊዮን ዶላር አወጣለሁ አሉ። ከህዝብ ደግሞ 750 ሚሊዮን ዶላር ተጠየቀ፤ በሆቴል ክፍል ኪራይ ላይ በሚጨመር ታክስ የሚከፈል። ማለትም የጋዜጣው ባለቤትና የስታዲየሙ ደጋፊ አንድ ቤት ነበሩ። በጋዜጣው ለረጅም ዓመታት አምደኛ የነበረው ጆን ኤል. ስሚዝ ደግሞ ስለ አደልሰን እንዳይጽፍ ሲነገረው በኤፕሪል 2016 ስራውን ለቀቀ።

ይህን ሁሉ አልደበቁትም እኮ። ስለ ስታዲየሙ በሚወጡት ዜናዎች መጨረሻ ላይ ጋዜጣው የአደልሰን ቤተሰብ መሆኑን የሚናገር አንድ መስመር ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ አንብቤ አላውቅም። ርዕሱን አያለሁ፣ በኮምፒውተር የተሰራውን የሚያብለጨልጭ ስዕል አያለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ ስልኬን አጥፌ እሄዳለሁ።

በኦክቶበር 2016 የኔቫዳ ሸንጎ በልዩ ስብሰባ ህጉን አጸደቀው። በሴኔቱ 16 ለ5፣ በታችኛው ምክር ቤት 28 ለ13። ሶስት ወር ከምናምን ቆይቶ አደልሰን ከፕሮጀክቱ ወጡ። በእሳቸው ቦታ የባንክ ብድር ገባ። የእሳቸው 650 ሚሊዮን እንደዋዛ ቀረ። የህዝቡ 750 ሚሊዮን ግን ህግ ሆኖ ስለነበር ንቅንቅ አላለም። የግሉ ቃል በአንድ ደብዳቤ የሚፈርስ፣ የህዝቡ ቃል ደግሞ ለ30 ዓመት የሚያስር መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት።

ከዚያ 2020 መጣ። ስታዲየሙ በበጋው ተጠናቀቀ፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነበር። የካዚኖዎቹ ጎዳና ስትሪፕ ጨለመ። እኔም ታክሲዬን አቁሜ ቤት ተቀመጥኩ። ሆቴል የሚያድር ሲጠፋ የክፍል ታክሱም ደረቀ። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የስታዲየሙን ዕዳ ለመክፈል ከመጠባበቂያው ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። መጠባበቂያው የተቀመጠው ለዚህ ቀን ነው፣ ያ ትክክል ነው። ካውንቲው የግድ መክፈል እንዳለበት ግን የሚነግረን ሰው አልነበረም። "ቱሪስቱ ይከፍላል" ብቻ ነው የተባልነው። ቱሪስቱ ካልመጣስ?

ያኔ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሌላ ስታዲየም ከመጣ ከርዕሱ አልጀምርም አልኩ።

መጣም። በ2023 የኦክላንዱ የቤዝቦል ቡድን ኤይስ ወደ ቬጋስ ልምጣ አለ። የተጠየቀው የህዝብ ገንዘብ እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ህግ ለውይይት የቀረበው ሜይ 29 ነው። ቀኑ ሜሞሪያል ዴይ የሚባለው የአሜሪካ በዓል ነበር፤ በዚህ ከተማ ታክሲ የሚነዳ፣ ሆቴል የሚያጸዳ፣ ካርድ የሚያድል ሰው ሁሉ ስራ ላይ የሚሆንበት ቀን።

ስራዬን የጀመርኩት ህጉን ከሸንጎው ድረ ገጽ አውርጄ በማተም ነው። ገጹ ብዙ ነው፣ ቋንቋውም ያታክታል። ሁሉንም ላንብብ ብል ኖሮ ሶስተኛው ገጽ ላይ እተወው ነበር። ስለዚህ የዶላር ምልክት ያለበትን ቦታ ብቻ ፈለግኩ። እያንዳንዱን ቁጥር ከበብኩና አጠገቡ "ከማን? ለማን? እስከ መቼ?" ብዬ ጻፍኩ። ልጄ የከበደኝን ቃል ያስረዳኛል። እሱም አንዳንዱን ሳያውቀው ቀርቶ አብረን ፈልገናል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ አንድ ነገር ነው። ከ380 ሚሊዮኑ ውስጥ እስከ 180 ሚሊዮን የሚሆነው ጥሬ ብር አይደለም። ለሌላ ሰው ሊሸጥ የሚችል የታክስ ቅናሽ ነው። ግዛቱ ለቡድኑ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ቡድኑ ወረቀቱን ታክስ ላለበት ሌላ ድርጅት ይሸጠዋል። ያ ድርጅት በወረቀቱ ልክ ታክሱን ይቀንሳል። ቡድኑ ገንዘቡን ያገኛል፣ ግዛቱ ደግሞ ሊገባለት የነበረው ይቀርበታል። በዜናው ላይ ይህ ሁሉ "አዲስ ታክስ የለም" በሚል ሶስት ቃል ታለፈ። ውሸት አይደለም። ግን እድር ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኖ "መዋጮ አልጨመርንም፣ ግን የአንዱ ሰውዬ መዋጮ ለሌላው ተሰጥቷል" የሚል ሰው ቢመጣ ማንም ዝም አይለውም።

ሌላም አለ። ስታዲየሙ በስም የአንድ የመንግስት መስሪያ ቤት ንብረት ስለሚሆን የንብረት ታክስ አይከፍልም። እዚሁ ከተማ ውስጥ ቲ-ሞባይል አሬና የሚባለው የስፖርት አዳራሽ በ2016 ሲከፈት በግል ገንዘብ ነው የተሰራው፤ 375 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ስለዚህ "ያለ ህዝብ ገንዘብ አይቻልም" ሲሉኝ እሱን እያሳየሁ "ያውና" እላለሁ።

ቀጥሎ ወደ ዜናው ዞርኩ። የቻልኩትን ያህል አትሜ ሁለት እስክሪብቶ ያዝኩ። ስታዲየሙ ከተሰራ ገንዘብ ወይም ስራ የሚያገኝ ሰው የተናገረውን በቀይ አሰምርበታለሁ። ምንም የማያገኘውን በሰማያዊ። ጠረጴዛዬ ቀይ በቀይ ሆነ። የቡድኑ ኃላፊ፣ የቱሪዝም መስሪያ ቤቱ፣ የግንባታ ሰራተኞች ማህበር፣ ተናጋሪው ከእነዚህ አይወጣም። በ2016 ለመንግስት ኮሚቴ ጥናት ያቀረበው ድርጅት በ2023 በቡድኑ በኩል ቁጥር ይዞ ቀረበ። ስራው ነው፣ አልከሰውም። ግን አንባቢው ይህን ካልተነገረው ቁጥሩን ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል። ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ታች፣ ሰው ማንበብ ካቆመ በኋላ ነው የሚመጣው። በ2017 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ታዋቂ ኢኮኖሚስቶችን ሲጠይቅ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የስታዲየም ድጎማ ግብር ከፋዩን ከሚጠቅመው በላይ ያስወጣዋል በሚለው ተስማምተዋል። ይህን ያህል የሚስማሙበት ነገር ትንሽ ነው። እኔ ካተምኳቸው ውስጥ ግን ይህ ነገር ርዕስ የሆነበት አንድም አላገኘሁም።

ግሱንም ማየት ተማርኩ። "ይፈጠራል"፣ "ይመጣል"፣ "ያስገባል" ይላል። የተናገረው ጥቅም የሚያገኘው ሰው ሆኖ ሳለ ዜናው ግን በራሱ አፍ ይናገረዋል። እንዲህ ያለውን ግስ ሳገኝ "ማን አለ?" ብዬ እጽፍበት ነበር።

ከዚያ ሁለት ገጽ በአማርኛ አዘጋጀሁ። ኤርፖርት ተራ ላይ አደልኩት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላም ለጠየቀኝ ሰጠሁ። በጣም ኮርቼበት ነበር።

ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ሹፌር አሉ። ወረቀቱን በመነጽራቸው ቀስ ብለው አነበቡና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "አንተ ልጅ፣ ከ2020 በኋላ የክፍሉ ታክስ ምን ሆነ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። አውቀው ነበርና። ከተማው ሲከፈት ቱሪስቱ ተመልሷል፣ የሬይደርስ ስታዲየም ታክስም ከታሰበው በላይ መግባት ጀምሯል። ወረቀቴ ላይ የ11 ሚሊዮኑን ጻፍኩ፣ ይህን ግን ተውኩት። "በጨዋታ ቀንስ እኛ ስራ የለንም?" ብለው ጨመሩ። አለን። ከሌላ ከተማ ማሊያ ለብሶ የሚመጣውን ሰው የምጭነው እኔ ነኝ። "ታዲያ አንተም እንደነሱ ሆንክ እንዴ?" አሉኝ፣ በለሰለሰ ድምጽ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጋዜጣውን በቀይ ሳሰምር የራሴን ወረቀት አላሰመርኩበትም። ደግሞ "ከትምህርት ቤት ወሰዱ" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያም ልክ አልነበረም። የ2016ቱ ታክስ በላዩ ላይ የተጨመረ ነው እንጂ ከትምህርት ቤት የተቀነሰ አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው። ከዚሁ ከክፍል ታክስ ለትምህርት የሚሄድ ድርሻ ቀድሞም አለ። ታክሱን መጨመር ከተቻለ ጭማሪው ለምን ለተማሪዎች ወንበር ሳይሆን ለስታዲየም ወንበር ሆነ? ይህ የሚያስኬድ ጥያቄ ነው፣ ውሸትም የለበትም።

ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩት። ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ "ይህን የጻፍኩት ታክሲ ነጂ ነኝ፤ በጨዋታ ቀን ስራ ይበዛልኛል" አልኩ። ቀጥሎ የታክሱን መመለስ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ነው ተቃውሞዬን የጻፍኩት። አንባቢዬ በዛ። ስታዲየሙን የሚደግፉት ልጆች ሳይቀሩ ተቀብለው አነበቡት፣ ተከራከሩኝም። የመጀመሪያውን ወረቀት ግን ከእኔ ጋር የሚስማሙት ብቻ ነበር የወሰዱት።

ለሸንጎው በስልክ ሃሳብ ለመስጠት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበረኝ። ረጅም ሰዓት መስመር ላይ ቆየሁ። ተራዬ ሲደርስ ስሜን፣ ስራዬን፣ ምስጋናዬን ስደረድር ግማሹ አለቀ። እኛ አገር ሰው ሳያመሰግኑ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። እዚያ ግን ሰዓቱ አይጠብቅም። የታክስ ቅናሹን ጉዳይ ብቻ ተናግሬ ጨረስኩ። ሌላ ጊዜ ከጉዳዩ እጀምራለሁ፣ የቀረውን በጽሁፍ እልካለሁ።

ህጉ አለፈ። በሴኔቱ 13 ለ8፣ በታችኛው ምክር ቤት 25 ለ15፤ ከ2016ቱ በጣም የጠበበ ድምጽ ነው። የኔቫዳ መምህራን ማህበር ሰዎች ጉዳዩ ወደ ህዝብ ድምጽ እንዲሄድ ፊርማ ሊያሰባስቡ ተነሱ። በሜይ 2024 የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታው የህጉን ሙሉ ቃል አልያዘም ብሎ ጣለው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር አዲሱ ስታዲየም የሚሰራበት ቦታ ላይ የነበረው ትሮፒካና ሆቴል ፈረሰ። እዚያ ያወረድኩት ሰው ስንት ነው። አሁን ቦታው ላይ ስታዲየሙ እየተገነባ ነው፣ ለ2028 ይደርሳል ተብሏል።

ከአዲስ አበባ ዘመዶቼ ስለ አደይ አበባ ስታዲየም ቪዲዮ ይልኩልኛል። ከ60,000 በላይ ሰው የሚይዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ወደ 2.5 ቢሊዮን ብር የተያዘለት። ዋልያዎቹ በጁን 2022 ግብጽን 2 ለ0 ሲያሸንፉ "በሜዳቸው" የተጫወቱት ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነበር። አልቅሻለሁ፣ በደስታም በቁጭትም። ያ ስታዲየም እንዲያልቅ ከማንም በላይ እፈልጋለሁ። ስለምፈልገው ነው የምጠይቀው። በሚላክልኝ ዜና ላይ "ይህን ያህል ፐርሰንት ደርሷል" የሚል አለ። ከምን ላይ ነው የደረሰው? ውሉ ሲፈረም ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ? እንዲህ እያልኩ ለዘመዶቼ በድምጽ መልሼ እልክላቸዋለሁ። መጀመሪያ ተቆጡኝ። አሁን አንዷ የአክስቴ ልጅ ራሷ መጠየቅ ጀምራለች።

ባለፈው ሳምንት ተራ ስንጠብቅ አንዱ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ስለ አዲሱ ስታዲየም የወጣ ዜና ነው። ጣቱን ወደ ታች እየጎተተ እስከ መጨረሻው ወረደ። "መስመሩ የለም" አለኝ፣ "ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልጻፉም።" "እንፈልገዋለን" አልኩት። ያን ጊዜ ተራው ደርሶ ሄደ። ማታ ቤት ስገባ ደወለልኝ። አግኝቶታል።